ከባሕሩ ዳር ወይስ ከደብሩ ራስ

ከካይሮ ተነሥቶ በሲና ባሕረ ገብ ምድር ጥቂት የዕረፍት ቀን ሊያሳልፍ ያሰበ ሰው፣ ጓዙን ከመሸከፉ አስቀድሞ አንድ ነገር መቍረጥ ይኖርበታል፤ ይኸውም እስከ ደቡቡ ጫፍ ወርዶ ሻርም ኤል ሼክ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ይሰነብት እንደ ሆነ፣ ወይም ወደ ተራሮቹ መካከል ወጥቶ ቅድስት ካተሪና በተባለችው የበረሓ ደጋ ታናሽ ከተማ ያድር እንደ ሆነ ነው። ከአንዲቱ ወደ ሌላይቱ ለመድረስ የሦስት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ይበቃል። ነገሩን ግን አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው በሆቴል ዋጋና በአየሩ ሙቀት ብቻ መዝኖ የሚቈርጥ ሰው፣ ሊመረምረው የሚገባውን ዋናውን ጥያቄ ሳይነካው ያልፋል ብዬ አምናለሁ።

ሻርም ኤል ሼክ የተቈረቈረችው የዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ከባሕረ ኤርትራ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። ግብጽ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1967 በዚያ ያለውን የቲራን ወሽመጥ በእስራኤል መርከቦች ላይ መዝጋቷ ለስድስቱ ቀን ጦርነት መነሣት ትልቅ ምክንያት እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ዛሬ በዳሱ ጥላ ሥር ተጋድመው ቀዝቃዛ መጠጥ ከሚያስቀዱት እንግዶች መካከል ብዙ አይገኝም። ከዚያ ጦርነት በኋላ በእስራኤል እጅ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1982 ለግብጽ ተመለሰች፤ ከዚያም ወዲህ ዳርቻዋ በሆቴል ተሞልቶ፣ የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ስለ አየር ንብረት ሊመክሩ የተሰበሰቡባት ከተማ ሆነች። ቅድስት ካተሪና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በቀይ ግራናይት ተራሮች ተከባ ተቀምጣለች፤ ካጠገቧ የሙሴ ተራራ የሚባለው 2,285 ሜትር፣ በግብጽ ምድር ካሉት ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው የካተሪና ተራራም ከ2,600 ሜትር በላይ ይነሣል፤ በብርድ ወራትም በረዶ ይጥልበታል። የምድርን ባሕርይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ዐረብን ከአፍሪካ የለየው ስንጥቅ ባሕሩን ሲከፍት የስንጥቁን ዳርና ዳር ከፍ ከፍ አድርጎ አንሥቷል፤ ቀላዩም ደብሩም የአንድ ግብር ውጤቶች ናቸው ማለት ነው። ያው ስንጥቅ ወደ ደቡብ ወርዶ በአፋር በኩል ወደ እኛም አገር ይገባል።

ለእንዲህ ያለው ምርጫ ብዙ ሰው መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቷል። ባሕር ለሥጋ፣ በረሓ ለነፍስ ይላል፤ መዋኘትና መጨፈር፣ መብላትና መጠጣት የወደደ ወደ ባሕሩ ይውረድ፣ ማረፍ የወደደ ግን ከጫጫታ ርቆ ወደ ተራራው ይውጣ ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ሲሰሙት ያማረ፣ ለመንፈሳዊ ሰውም የሚስማማ ይመስላል። እኔ ግን እኩሌታውን ብቻ እቀበላለሁ። በረሓ ለነፍስ መሆኑን አልክድም፤ በረሓ ማረፊያ ነው የሚለው ግን ከአባቶች የመጣ ትምህርት አይደለም፤ በቅርቡ እኛው ለራሳችን ያበጀነው ነው።

በረሓን ከሁሉ አስቀድመው መኖሪያቸው ያደረጉት የግብጽ አባቶች ወደዚያ የወጡት ሊያርፉ አልነበረም። አባ እንጦንስ ከሲና ትይዩ ከባሕሩ ማዶ ባለው ተራራ በዓቱን ሲያጸና፣ ገድሉን የጻፈለት ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ያቆየልን የሰልፍና የተጋድሎ ታሪክ ነው እንጂ የመዝናናት ታሪክ አይደለም። በዚያው በአራተኛው መቶ ዓመት በግብጽ በረሓ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው ኤዋግርዮስ ደግሞ፣ ዳዊት በመዝሙሩ የሚያነሣውን ጋኔነ ቀትር ከመነኰሳት ፈተናዎች ሁሉ የከበደ አድርጎ ይገልጠዋል፤ ፀሐይን በሰማይ መካከል የቆመች እያስመሰለ፣ መነኰሱን ደጋግሞ ወደ መስኮቱ እያስመለከተ፣ በዓቱንና የእጁን ሥራ እያስጠላ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ ሌላ አለ እያለ በኅሊናው የሚያንሾካሹክ ነው ይላል። ሁለት ከተሞችን እያመዛዘነ መቍረጥ የተሳነው የዕረፍት ተጓዥ ከዚያ መነኰስ ብዙ የራቀ አይመስለኝም፤ ከባሕሩ ዳር ሆኖ ተራራውን፣ ከተራራውም ራስ ሆኖ ባሕሩን የሚናፍቅ፣ እርሱም በቀትር ጊዜ በመስኮት የሚመለከት ነውና። ልዩነታቸው መነኰሱ የአይሮፕላን ቲኬት የሚቈርጥበት ገንዘብ ስላልነበረው ቀትሩን እዚያው ተቀምጦ ማሳለፉ ነው።

ከዚህም ይልቅ ነገሩን ወለል አድርጎ የሚያሳየኝ የነቢዩ የኤልያስ መንገድ ነው። ኤልያስ ከንግሥቲቱ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ወደ ኮሬብ፣ ማለት በትውፊት ወደዚሁ የሙሴ ተራራ ወደሚባለው ወደ ሲና ተራራ፣ በሄደ ጊዜ ሞቱን እስኪለምን ድረስ ደክሞ ነበር። ነገር ግን ከድካሙ ያረፈው በተራራው ላይ አልነበረም። ዕረፍቱን ያገኘው ገና በመንገድ ሳለ፣ ከቤርሳቤህ የአንድ ቀን መንገድ እንደ ሄደ፣ በምድረ በዳ ከአንዲት ክትክታ ጥላ ሥር ነው። ተኛ፤ መልአክ ቀሰቀሰው፤ ከራስጌው እንጎቻና ውሃ አገኘ፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ፤ ደግሞ ተቀሰቀሰ፤ ደግሞ በላ። ስብከት አልተሰበከለትም፤ ተስፋ በመቍረጡም አልተገሠጸም፤ ትንቢት እንኳ አልተነገረውም፤ የተሰጠው እንቅልፍና መብል ብቻ ነው። በዚያም መብል ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ ከተራራው ሲደርስ የተቀበለው ጥያቄ ነው፤ በዚህ ምን ታደርጋለህ የሚል ጥያቄ፣ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ። ነፋሱና መናወጡ፣ እሳቱም ካለፉ በኋላ ያን ቀጭን ድምፅ ሰማ፤ ከድምፁም በኋላ ነገሥታት የመቀባትና ተተኪውን የመሾም ሥራ ተሰጥቶት ወደ መጣበት ተመለሰ። እንግዲህ ተራራው ሰውን ጠይቆ፣ ሥራ አሸክሞ የሚመልስ ስፍራ ሆኖ ነው የተገኘው። ያልተኛና ያልበላ ሰው ወደዚያ ቢወጣ ጥያቄውን የሚሰማበት ጆሮ አይኖረውም፤ የሚሰማው የራሱን የጉልበት ሕመም ብቻ ነው።

የእስራኤልም ጉዞ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ 12 የውሃ ምንጭና 70 የተምር ዛፍ ወዳለበት ወደ ኤሊም መጥተው በውሃው አጠገብ ሰፈሩ፤ ኦሪት ዘኍልቍም ከኤሊም ተነሥተው ዳግመኛ በባሕሩ ዳር እንደ ሰፈሩ ይነግረናል። በዘፀአት ስለ ኤሊም የተጻፈው አንድ ቍጥር ብቻ ሲሆን፣ የሲናው ነገር ግን ከዘፀአት ምዕራፍ 19 ጀምሮ ዘሌዋውያንን በሞላው አልፎ እስከ ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ይዘልቃል። ሰው ባረፈበት ስፍራ የሚጻፍ ነገር አይገኝም፤ ማጕረምረም የለ፣ የወርቅ ጥጃ የለ፣ ጽላት መስበር የለ። ጸሐፊው በኤሊም ብዕሩን አኑሮ ከተምሩ ጥላ ሥር ተጋድሞ የዋለ ይመስላል፤ ቢያደርገውም አልፈርድበትም።

ስለዚህ ባሕሩን የፈቃደ ሥጋ ስፍራ ብቻ አድርጎ የሚንቀው ሰው፣ በተለይም እንደ እኛ በደጋ ተወልዶ ባሕርን በመጽሐፍና በሥዕል ብቻ እያወቀ ያደገ ሰው፣ አንድ ጊዜ ከሻርም በስተ ደቡብ ወዳለው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ወደ ተከለለው ወደ ራስ ሙሐመድ ሄዶ ፊቱን በውሃው ውስጥ ቢያጠልቅ እመክረዋለሁ። በዚያ ከጕልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ጥቂት እንደ ተራመዱ፣ መርጃን ወይም ኮራል የሚባለው፣ ለዓይን ዓለት የሚመስለው በባሕርዩ ግን እንስሳ የሆነው ረቂቅ ፍጥረት በብዙ ሺህ ዓመት የገነባው መደብ ድንገት ያልቅና ከእግር በታች ቀጥ ብሎ ወደ ሰማያዊው ጥልቅ ይወርዳል። ከዚያ ግንብ ጠርዝ ላይ በቀቀን ዓሣ የሚሉት አረንጓዴና ሐምራዊ የተቀላቀለበት ዓሣ በምንቃሩ ኮራሉን እየገመጠ ሲበላ፣ ቅርጥፍጥፍ የሚለው ድምፅ በውሃው ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የገመጠውንም ድንጋይ በጕሮሮው ፈጭቶ ኋላ ሲያወጣው ነጭ አሸዋ ሆኖ እየበነነ ይወርዳል። በኮራል ባሕር ዳር ያለው ነጭ አሸዋ ከፊሉ በዚህ መንገድ ያለፈ መሆኑን ያወቀ እንግዳ፣ ፎጣውን በላዩ ሲዘረጋ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የባሕረ ኤርትራ ውሃ በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው ስላለበት ከሌሎቹ ባሕሮች ይልቅ ገላን ወደ ላይ ያነሣል፤ መዋኘት የማይችለውም ቢሆን እጁን ዘርግቶ ዝም ካለ ይንሳፈፋል። በዚያ ሰዓት ማዕርግና ቀጠሮ፣ ዕዳና ወቀሳ ሁሉ ከዳር ከጫማው ጋር ቀርተዋል። ማንም ምንም አይጠይቀውም። ዓሣው እንኳ ዘወር ብሎ አያየውም። ከክትክታዋ ጥላ ሥር ለነቢዩ የተሰጠው እንቅልፍ ለዘመናችን ሰው ከተሰጠ፣ የተሰጠው በዚህ ይመስለኛል።

ጕዳቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ባሕር መቼ በቃህ እንደሚል አያውቅም። የጠገበው እንግዳ የሆቴሉን አምባር በክንዱ አስሮ፣ ከቁርስ ወደ መዋኛው ከመዋኛው ወደ ምሳ እየተመላለሰ፣ ሦስተኛውን አራተኛውን ቀን ሲያስቈጥር፣ ያ የቀትሩ ጋኔን ይደርሳል፤ ፀሐይዋ ትቆማለች፤ እንግዳውም የእጅ ስልኩን እያወጣ ሌሎች የት እንዳረፉ መመልከት ይጀምራል። ዕረፍቱ አልቆ የዕረፍቱ ቀን ሳያልቅ ሲቀር የሚሆነው ይህ ነው። ተራራውም ትርጕም የሚያገኘው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ተራራው ሰውን የሚቀበለው በደረጃ ነው። በተራራው ሥር ካለው ከቅድስት ካተሪና ገዳም ቅጥር ኋላ ተነሥቶ እስከ ራሱ የሚያወጣው፣ ቍጥሩ በተለምዶ 3,750 ነው የሚባለው የድንጋይ ደረጃ፣ አንድ መነኰስ ለንስሓው ብሎ እንደ ደረደረው ይነገራል፤ ሠሪው ለዕረፍት አልሠራውም፣ የሚወጣውም ሰው ለዕረፍት አይወጣውም። በሰባተኛው መቶ ዓመት የዚሁ ገዳም አበ ምኔት የነበረው ዮሐንስ ዘሰዋስው የመንፈሳዊን ሕይወት መንገድ በ30 እርከን ከፍሎ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ምሳሌውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንዳላስፈለገው ደረጃውን አንድ ጊዜ የረገጠ ይረዳዋል። በመንገዱ ዳር የበረሓው ነዋሪዎች የበደዊን ልጆች ትናንሽ ድንጋይ ይሸጣሉ፤ ሲሰነጠቅ በውስጡ ጥቍር የቍጥቋጦ ሥዕል፣ ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ፣ ተሥሎ ይታያል። ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን በስንጥቁ ገብቶ የሣለው መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ ሙሴ ነዶ ሳይቃጠል ያየውን፣ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ምሳሌ የሆነውን ዕፀ ጳጦስን እያሰበ ተሳላሚው ሁሉ ይገዛዋል።

ከዚህ ተራራ አንዳች ሳይዝ መመለስ ለሰው ይከብደዋል። ቲሸንዶርፍ የተባለው የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1859 ከገዳሙ ይዞ የወጣው በአራተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ የተሰጠው በውሰት ነው ወይስ በስጦታ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ የሶቪዬት መንግሥት ግን ኋላ በእጁ የገባውን ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1933 ለእንግሊዞች በ100,000 ፓውንድ ሸጠው። በሃይማኖት ከእኛ የተለዩት የግሪክ መነኰሳት ከዚያ ወዲህ እንግዳን በጥንቃቄ ቢመለከቱ አይፈረድባቸውም። በቤተ መጻሕፍታቸው ከግሪኩ፣ ከሱርስቱና ከዐረብኛው ጋር ጥቂት የግእዝ ብራናም አለ፤ የብራና እጦት ሲያስጨንቃቸው የቀደሙት ጸሐፍት የፊተኛውን ጽሕፈት ፍቀው በላዩ ሌላ የጻፉባቸውም መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው፤ በዘመናችን ልዩ ልዩ ብርሃን እያበሩ የተፋቀውን እንደ ገና ያነብቡታል። ሰው ወደ በረሓ ሲወጣ የሚደርስበትም ይህን የመሰለ ነው፤ ፍቄዋለሁ ያለው ነገር ይነበብበታል።

አሁን ከሁለቱ አንዱንም ሳይመርጡ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ስለሚጨርሱት ሰዎች ልናገር። እነዚህ ማታ ከሻርም በአውቶቡስ ተነሥተው፣ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ከተራራው እግር ደርሰው፣ በጨለማ «ጀመል! ጀመል!» እያሉ ግመል ከሚያከራዩት ሰዎች ጋር እየተጋፉ በባትሪ ብርሃን ይወጣሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ገዳሙንም ዞር ብለው አይተው ለምሳ ወደ ሆቴላቸው ይመለሳሉ። እንቅልፍም አጥተዋል፤ ጥያቄውንም አልሰሙም። ገንዘባቸው ነውና ምን ይደረጋል።

የእኛ ሰው ሲናን ለማሰብ ግብጽ ድረስ መውረድ አላስፈለገውም። በሸዋ ከጣርማ በር ሥር ያለችው ከተማ ደብረ ሲና ትባላለች፤ በጎንደርም አገር የቤተ እስራኤል ወገኖች በሰግድ በዓል በሲና የተገባውን ቃል ኪዳን እያሰቡ፣ ቀሳውስታቸው ኦሪቱን ተሸክመው፣ ሕዝቡ ጾሞ ወደ ከፍተኛው ስፍራ ይወጣ ነበር፤ ጸሎቱ ካበቃም በኋላ ወደ ታች ወርደው ይበሉና ይደሰቱ ነበር። ይህ በዓል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል የመንግሥት በዓል ሆኖ ይከበራል። በላይ ጾም፣ በታች መብል፤ ሁለቱን አላደባለቁም፤ ተራራውን ማዕድ አላደረጉትም። በሌላ በኩል ደግሞ ሲናን በዕረፍት ስም የማያውቁት ወገኖቻችን አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ወደ እስራኤል ለመሻገር የወጡ ብዙ ኤርትራውያን፣ ከእነርሱም ጋር ኢትዮጵያውያን፣ በሰሜናዊው ሲና በሰው ነጋዴዎች እጅ ወድቀው በሰንሰለት ታስረዋል፤ ሲደበደቡ የሚያሰሙትን ጩኸት ቤተ ሰቦቻቸው በስልክ እንዲሰሙ እየተደረገ ቤዛ ተጠይቆባቸዋል፤ ከእነርሱም ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። በባሕር ዳርና በበረሓ መካከል መምረጥ የሚቻለው የመመለሻ ቲኬት ያለው ሰው ነው። ይህን የማነሣው የማንንም ዕረፍት ለማበላሸት አይደለም፤ ስለዚያ ምድር ጽፌ ይህን ብዘል ግን ብዕሬ ይታዘበኛል።

የግብጽ መንግሥት በቅርብ ዓመታት ቅድስት ካተሪናን በአዳዲስ ሆቴሎችና በእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ሊያሰፋ ትልቅ ሥራ ጀምሯል፤ ለሥራውም ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን ምሥጢር የሚያመለክት ስም ሰጥቶታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ንጉሡ ዮስጢንያኖስ በስድስተኛው መቶ ዓመት ባሠራው በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመቅደሱ በላይ በኅብረ ቀለም ጠጠር የተሣለው ያ ምሥጢር ነው፤ ጌታ በመካከል፣ ሙሴና ኤልያስ በግራና በቀኝ፣ ሦስቱ ሐዋርያት ከእግሩ በታች። ጴጥሮስ በዚያች ሰዓት ያሰበው ሦስት ዳስ መሥራት ነበር፤ በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው ብሎ እዚያው ሊያድር ፈልጎ ነበርና፤ ወንጌላዊውም የሚናገረውን እንዳላወቀ ጽፎበታል። ዳስ ሠሪዎቹ ዛሬ የሚናገሩትን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የአልጋውን ቍጥር ሳይቀር። ለበደዊኑ ሥራና እንጀራ ይገኝ ይሆናል፤ ይህንም የምንቅ አይደለሁም። ነገር ግን ተራራው እንደ ባሕሩ ዳር እንዲያሳርፍ ሆኖ ከተደላደለ፣ ማረፊያማ በሦስት ሰዓት መንገድ ላይ አስቀድሞ ነበረን፤ የሚጠፋው የሚጠይቀው ስፍራ ነው።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብሎ የሚያስጨንቀኝ ቢኖር፣ የደከመውን ሰው ያለ አንዳች እፍረት ወደ ባሕሩ እሰደዋለሁ፤ ይተኛ፣ ይብላ፣ ይንሳፈፍ። ጠግቦ መሰልቸት በጀመረ ጊዜ ያን ስልቹነት በሌላ ሆቴል ለማከም አይሞክር፤ ደቡቡን ትቶ ወደ ተራሮቹ ይነሣና ቢያንስ ሁለት ሌሊት ከተማይቱ ውስጥ ይደር። እኔ ለራሴ ተራራውን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ሄጄ ስመለስ ዕረፍት ላይ ነበርሁ አልልም፤ በሥራ ቦታዬ ለሚገኙትም ያልተኛሁ መሆኔ ከፊቴ ይታወቃል። የሚወጣው ሰው ገዳሙ ለጐብኚ የሚዘጋባቸው ቀኖች እንዳሉ፣ በሌላውም ቀን በሩ የሚከፈተው ለረፋዱ ጥቂት ሰዓት ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ ከባሕሩ ዳር ሲነሣም ሙቀቱ እንዳያታልለው ጋቢውን ይዞ ይሂድ።